ያልተበረዘ ጠጅ

በቅርቡ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «ጋሼ፣ ጠጅ ልጥል ነው» አለኝ። ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ጠጅ አላረካውም። ፈረንጅ ጓደኞቹ ቅዳሜና እሑድ እቤታቸው ኮክቴል ሲቀምሙ፣ ይኼ በድሮው አሠራር ነው፣ ይኼ አያቴ የምትሠራው ነው እያሉ ሲጎርሩበት እሱም ደሙ ፈላ። ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ገዝቷል። ጋን ስለሌለው ትልቅ የመስተዋት ማሰሮ አዘጋጅቷል። የቀረው የኔ ቡራኬ ብቻ ነው።

ጥያቄዎቹን ደረደረልኝ። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው ወይስ ለአራት? ወይራ የለም፤ ዕቃው ካልታጠነ ጠጅ ይባላል ወይ? እኔም ስነ ጽሑፍ ያስተማርኩበትን ድምፅ አውጥቼ መለስኩለት። ለሦስትም ለአራትም ይሆናል፣ እንደ ማሩና እንደ ጠጪው ነው። ወይራው ባይኖርም ጠጅ ጠጅ ነው። ጭሱ ጌጡ ነው እንጂ ነፍሱ አይደለም፣ ወዘተ. ወዘተ.። በራሴ አነጋገር ደስ እያለኝ ሳለ መጨረሻ ላይ እንዲህ አለኝ።

«ማሩ ግን እሳት ነው ጋሼ። ግማሹን ስኳር ባደርገውስ? ያው ይፈላል፤ ማን ያውቃል?»

ዝም አልኩ። «ሐሙስ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። ስለ ጠጅ ሳይሆን ስለ አክስቴ እያሰብኩ ነበር።

አክስቴ የምትኖረው ቆላ ድባ ነው። ከጎንደር ወጥተው አዘዞ ላይ ወደ ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ ከያዙ፣ ጣና ሳይደርሱ የሚያገኟት የደምቢያ ከተማ ናት። ስሟ ቆላ ይበል እንጂ አየሯ ወይና ደጋ ነው። ዙሪያዋ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት እግር ይዞ የማይለቅ፣ በበጋ እንደ ደረቀ ከንፈር የሚሰነጠቅ፤ ጤፉንም ሽምብራውንም ኑጉንም የሚያበቅል። ኑግና አደይ አበባ ባለበት ንብ አለ፤ ንብ ባለበት ደግሞ ጠጅ የምትጥል ሴት አትጠፋም።

አክስቴ ጠጅ ስትጥል ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ከክረምት እረፍት በቀር ወደዚያ ባልሄድም እጇ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። በመጀመሪያ ጋኑ ነው። በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይታሻል። ከዚያ የወይራ ፍልጥ ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ ይደፋበታል፤ ጭሱ ሆዱ ውስጥ እስኪጠጣ ድረስ። ማሩ ከነሰፈፉ ይገባል። ውሃው በዚያው ማር በተሰፈረበት ዕቃ ሦስት ጊዜ ይሰፈራል። ከዚያ ክንዷን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ማሩ ከውሃው ጋር አንድ እስኪሆን ታሸዋለች። ይኼ ብርዝ ይባላል። አፉ በጨርቅ ታስሮ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ሰፈፉ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይገፈፋል። ከዚያ የተከተከተው የጌሾ እንጨት ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ይቀቀልበትና ተመልሶ ይጨመራል። በየቀኑ ይማሰላል። ጋኑ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስትሰማ አስታውሳለሁ፤ «እያወራ ነው» ትለን ነበር። ማውራቱን ሲያቆም ጌሾው ይወጣል፤ ጠጁ ይጠላል፤ ይጠራል። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ብርሌ ሁለትም ሦስትም ሳምንት ይፈጃል። እርሾ የሚባል ነገር አልተጨመረበትም። የሚያፈላው ከማሩና ከጌሾው ጋር የገባው ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሰው አመሌን ታገሱኝ። ማርን በውሃ መበጥበጥ «መበረዝ» ነው፤ ብርዝም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ንጹሕ ያልሆነን ነገር ስንሰድብም የምንጠቀመው ይኼንኑ ግስ ነው። ታሪክ ተበረዘ እንላለን፣ ባህል ተበረዘ እንላለን፤ ልናወድስ ስንፈልግ ደግሞ «ያልተበረዘ፣ ያልተከለሰ» እንላለን። ታዲያ ያልተበረዘ ጠጅ ከየት ይመጣል? ያልተበረዘው ማር ነው። ጠጅ ለመሆን የግድ መበረዝ አለበት። ይኼንን ለተማሪዎቼ እየነገርኩ ብዙ ዓመት ተመጻድቄበታለሁ። አክስቴ ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ክብደት ነበረው።

ባሏ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ንብ አርቢ ነበሩ። ከጓሮ በባህላዊ ቀፎ ንብ ያረቡ ነበር፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆርጡት የአደይ አበባና የኑግ ማር ከቤት አልፎ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ነገሩ ተበላሸ። የአካባቢው ገበሬ አረምን በእጅ መንቀል ትቶ በመድኃኒት መርጨት ጀመረ (ማን ይፈርድበታል? ጉልበትም ጊዜም ያተርፍለታል)፤ አበባ የቀሰመችው ንብ ግን ቀፎዋ አፍ ላይ እየወደቀች ትሞት ጀመር። የተረፈው መንጋ ጥሎ ሄደ። አጎቴ የባዶ ቀፎ ባለቤት ሆነው ሁለት ዓመት ቆዩና በ2006 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ አረፉ። ሊሞቱ ሰሞን ለሚስታቸው አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉ። «ተዝካሬን ስታወጪ ሌላው ይቅር፤ ካህናቱን ግን ያልተበረዘ የማር ጠጅ አጠጪልኝ።» እድሜ ልካቸውን ማር የቆረጡ ሰው ናቸው፤ ሌላ ምን ይመኙ?

ለተዝካሩ ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ወረድኩ። ድንኳኑ ተጥሏል፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ደርሷል፣ ለሕዝቡ ጠላው ይቀዳል። ካህናቱና እኛ ከሩቅ የመጣነው ከተቀመጥንበት ጠጅ መጣ። አክስቴ ራሷ ነጠላዋን አገልድማ፣ ከብርሌው ጠብ አድርጋ በመዳፏ ቀመሰችና አቀረበችልን። ይኼ መዳፍ ላይ መቅመስ የድሮ የመኳንንት ቤት ሥርዓት ነው። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ራሱ ይቀምሳል፤ መርዝ ካለ ቀድሞ እሱ ይሙት ነው ነገሩ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ሲቆይ የማር ወይን ብሎ የጻፈለት መጠጥ፣ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የባላባት ነበር። ሹሙ ሄዶ ሥርዓቱ ቀረ፤ ዛሬ መርዝ የሚፈራ የለም፣ መዳፏ ግን ትቀምሳለች።

ጠጣሁ። ቀለሙ ወርቅ የመሰለ ነው፣ ጌሾው ለስለስ ያለ ነው። ከጎኔ ከአዲስ አበባ አብረውኝ የመጡ ሁለት ወዳጆቼ ነበሩ። አፌን ምን እንደከፈተው እግዜር ይወቅ፤ ተነስቼ ባልቆምም ቁጭ ብዬ ንግግር አደረግሁ። ጠጅ ማለት ይኼ ነው አልኩ። እናንተ አዲስ አበባ በየጠጅ ቤቱ የምትጠጡት ስኳርና ቢጫ የምግብ ቀለም ነው አልኩ። የጀርመኖችን ነገር አመጣሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫርያ መስፍን ቢራ ከገብስ፣ ከጌሾአቸውና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባበት ብሎ ሕግ እንዳወጣ (እርሾን ሳይጠቅሱት ቀሩ)፤ እኛ ግን ሕግ ሳያስፈልገን የአንዲት እናት መዳፍ ጠብቆ ያቆየልን ነው አልኩ። ወዳጆቼ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአክስቴ የነፍስ አባት ብርሌያቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ዝም ብለው አዩኝ። አክስቴ ጓዳ ገባች።

ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ጠራችኝ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች።

«አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ለምን አልክ?»

«ምን አልኩ እቴቴ?»

«ስኳር ነው። ማሩ አምስት ኪሎ አይሞላም። ሌላው ስኳር ነው።»

ከዚያ ዝርዝሩን ነገረችኝ። ግንቦት የማር ወር አይደለም። ያለው ማር የከረመ ነው፤ ዋጋው የስኳሩን ብዙ እጥፍ ነው። ስኳሩም ቢሆን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ያኔ በሸማቾች በኩል በራሽን ስለሚታደል የጎረቤቶቿን ድርሻ ጭምር ለምና ያጠራቀመችው ነው። አንዱን በሬ ሸጣለች። ሁለተኛውን ከሸጠች ልጇ በምን ያርሳል? እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይዤላት የሄድኩት ገንዘብ… እሱን መጻፍ አልፈልግም። የንግግሬን ያህል አልነበረም።

«አስተማሪ ነህ አይደል» አለችኝ። «ንገረኝ እስቲ፤ ኃጢአት ነው?»

እኔም የፈሪ መልስ መለስኩ። «ምንም አይደል እቴቴ፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል» አልኳት። አየችኝ። ማጽናኛ አልጠየቀችም ነበር። ፍርድ ነበር የጠየቀችው፣ እኔ ግን ከረሜላ ሰጠኋት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አገላብጫታለሁ። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ በርህ ላይ ቆሞ ወዳጅህ የት እንደተደበቀ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ይላል። ይኼ ሰው ቆላ ድባ ለተዝካር ቢጠራ ምን ይል ይሆን እያልኩ ብቻዬን ስቄአለሁ። ግን ለአክስቴ የሚሆን ቀዳዳም እዚያው ካንት ዘንድ አለ። የሚያስቡትን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ ግዴታዎ የሚናገሩት እውነት እንዲሆን ነው። አክስቴ ማር ነው አላለችም። ማር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ዝም አለች፣ እኔ ዋሸሁ ማለት ነው? ሳላውቅ?

ይኼ መከራከሪያ ለጠበቃ ይመቻል፤ ለሕሊና ግን አይበቃም። ብርሌ ራሱ ይናገራል። መዳፍ ይናገራል። በተዝካር ድንኳን ጠጅ በብርሌ ያቀረበ ሰው ባይናገርም ቃል ሰጥቷል። መዳፍ ደግሞ መርዝ አለመኖሩን ይመሰክር ይሆናል እንጂ ስኳር አለመኖሩን አይመሰክርም። እሷም ይኼን ስለምታውቅ ነው እንቅልፍ ያጣችው።

በሌላ በኩል፣ በየገበያው ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ ተገኘ ሲባል ሰምተን ከተናደድንበት ነገር ጋር የአክስቴን ጋን አንድ ማድረግ አልችልም። ነጋዴው የሚበርዘው ትርፍ ሊያገኝ ነው፤ የሚወስደውም ከእኔ ኪስና ከእኔ ጤና ነው። አክስቴ ከማን ምን ወሰደች? በሬዋን ሸጣ ሰጠች እንጂ። ስኳሩም ቢሆን ማንንም አልገደለም፤ ጠጁ ፈልቷል፣ ጠርቷል፣ አስክሯል። ወንድሜ እንዲያውም ከማሩ ይሻላል ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እሱ መቼም ምላሱ ለጠላ የተፈጠረ ነው።

ታዲያ ያጎደለችው ለማን ነው? ለሟቹ ነው። «ያልተበረዘ» ብለው የጠየቋት እሳቸው ናቸው፤ መጥተው ሊቀምሱትም፣ «ግድ የለም ይቅር» ሊሏትም አይችሉም። ለቆመ ሰው የገቡትን ቃል ቢያጎድሉ ይቅርታ ይጠይቁታል፤ ለሞተ ሰው የገቡት ቃል ግን የሚሠረዝበት መዝገብ የለውም። ይመስለኛል፣ በድሮው አሠራር መሥራት የምንለው ነገር ሁሉ ውስጡ ይኼ አለበት። ግራዋው፣ ወይራው፣ አንድ ለሦስቱ የመጣፈጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌላ ነገር በተተካ ነበር። የሚያከብደው ለሄዱት ሰዎች «እንዳያችሁት አድርጌዋለሁ» ማለት መሆኑ ነው። ስለዚህ የአክስቴን ጥያቄ ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ አዎ፣ ዕዳ አለብሽ እላት ነበር። ቀጥዬ ደግሞ ያን ዕዳ ያከበድንብሽ እኛ ነን እላት ነበር። ድንኳኑ ሥር የተቀመጥነው እኛ ነን «ማር የለኝም» የሚለውን ቃል ከበሬ ያስወደድነው። አንዲት ባልቴት ተነስታ «አቅሜ ይኼ ነው፣ ጠላ ጠጡ» ብትል ስንቱ ነው ከንፈሩን የሚመጥባት? ስንቱስ ነው ደጅ ወጥቶ «ባሏን አዋረደችው» የሚል? እኔ ራሴ ያን ዕለት ጠላ ብቻ ቢቀርብልኝ ለወዳጆቼ ምን እል እንደነበር አላውቅም። የእውነቱን ዋጋ ሰቅለን ውሸቱን በርካሽ ገዛናት።

አክስቴ ከኔ መልስ ስታጣ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። የሆነውን የነገረችኝ በሌላ ጊዜ ነው። ተንበርክካ ስትናዘዝ እሳቸው አላስጨረሷትም አሉ።

«በመጀመሪያው ጉንጭ አውቄዋለሁ» አሏት።

አውቀው ኖሯል! ደግሞም ሁለተኛ ብርሌ አስቀድተው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ስለ ባቫርያ መስፍን ስደሰኩር እሳቸው ምን አስበው እንደነበር እያሰብኩ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። እሳቸው እያወቁ ዝም ብለው ጠጡ፤ እኔ ሳላውቅ አወደስኩ። ከሁለታችን ለአክስቴ የከበዳት የኔው ነው። የሳቸው ዝምታ ጉድለቷን ሸፈነላት፤ የኔ ውዳሴ ግን ደግማ እንድትዋሽ አስገደዳት፣ ከአፏ አንድ ቃል ሳይወጣ።

ቀኖና ሰጧት። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ያላትን እንድታቀርብ፣ ግን ምን እንደሆነ በሰው ፊት እንድትናገር። ጾሙም ስግደቱም ከዚህ ቀለል ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አባታችን ትንሽ ጨከኑ እላለሁ። እሳቸው በጠጡ ዕለት መናገር ሲችሉ ዝም ብለው፣ ድሀይቱን በዓመቱ አደባባይ ማቆም ምን ይባላል? ይኼን ለአክስቴ ስላት ተቆጣችኝ።

ሐሙስ ለተማሪዬ ደወልኩለትና ይኼን ሁሉ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «ታዲያ ስኳሩን ልጨምረው ወይስ ይቅር?» አለኝ። ፈረንጅ አገር የኖረ ሰው ነው፤ አዎ ወይም አይደለም ይፈልጋል። «መጨረሻውን መች ሰማህ» አልኩት።

ለሙት ዓመቱ በ2007 ዓ.ም. ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ልኬ ነበር፤ ማሩን ልገዛላት ብል እምቢ ብላ ለልጇ ዘር ገዛችበት። ጠጅ ጣለች፤ እንዳምናው፣ ጥቂት ማርና ብዙ ስኳር። ጋኑ በግራዋ ታጠበ፣ በወይራ ታጠነ፤ ከዚያ ምንም አልጎደለም። ሰው ከተቀመጠ በኋላ መጣች። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ብርሌውን እንደያዘች ቆመችና፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ «ስኳር አለበት። አምናም ነበረበት። እሱ የማር ብሎኝ ነበር፣ አልቻልኩም» አለች።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ነፍስ አባቷ እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ብርሌ ተቀበሉና ጠጡ። እኔም ጠጣሁ፣ ሦስት ብርሌ። ሌላው ሰው ግን አንዱ ራሱን አሞታል፣ አንዱ መድኃኒት ጀምሯል፣ ሌላው ጠላ ይሻለኛል አለ። ዓምና ይኼንኑ ጠጅ ጨምሩልን ያሉ ሰዎች ናቸው። ማታ ልናነሳው ስንል ጋኑ ገና አልተጋመሰም። አክስቴ አፉን በጨርቅ መልሳ አሰረችውና ጓዳ አስገባችው።